ባትሪው እምቢ ያለበት ወር

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 8
ዛሬም ፀሐይ። የአሪዞና በረሃ በዚህ ወር እንዲህ ነው... ቀን በሸሚዝ፣ ማታ በሁለት ብርድ ልብስ። ልብስ አጠብኩ፣ ባቄላ ቀቀልኩ። ማታ ዕቃ ላጥብ ብዬ የውሃውን ፓምፕ ስከፍት የቤት መኪናዬ መብራት ጭልጭል አለ። ከሰዓት በኋላ ጀነሬተሩን አስነስቼ ባትሪዎቹን ስሞላ ነበር እኮ! ታዲያ የት ገባ?
ሮይስ ቢኖር "እስቲ ዞር በይ" ይለኝ ነበር። ባሌን ኦክቶበር ላይ ቀበርነው። አሁን ዞር በይ የሚለኝ የለም። እኔው አየዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 10
ይሄን ውርደት ለማን ይነግሩታል? ሌሊት ማሞቂያው ቀጥ አለ። ስልኬም ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ሞተ። ጠዋት ካፖርቴን እንደደረብኩ ተጠቅልዬ ተኝቼ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። የቤት መኪኖቹ የሰፈርንበት ሜዳ ጠባቂ ነው፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ።
"እማማ፣ ደህና ነዎት? ልጅዎ ደውሎልን ነው።"
ኩርት! ስልክ ስላላነሳሁ ሞታለች ብሎ ሰው ላከብኝ። ሰፈሩ ሁሉ ቡናውን ይዞ ቆሞ ያያል።
በጎረቤቴ በዌንደል ስልክ ደወልኩለት። መጀመሪያ እኔ ጮህኩ፣ ቀጥሎ እሱ። በመጨረሻ ቀስ አለ። "እማዬ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እመጣለሁ። መብራትሽ ከበራ፣ ማሞቂያሽም ከሠራ ዝም እላለሁ። ካልሆነ ግን መኪናዋ ትሸጥና እኛ ጋ ትገቢያለሽ።"
እነሱ ጋ ማለት ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለችው ክፍል ናት። መስኮቷ የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያሳየው። እሺ አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ አውቶቡስ የነዳሁ ሴት በባትሪ ልሸነፍ? አይደረግም።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 11
ፀሐይ ስትገባ ሁሉም እንደ ልማዱ ወንበሩን ይዞ ወጣ። የዛሬው ወሬ የእኔ ባትሪ ነው። አንዱ ፊውዝ ነው ይላል፣ አንዷ ዲናሞ ነው ትላለች። ዌንደል ደግሞ እንደ ጳጳስ ፈረደ። "ባትሪዎችሽ ሞተዋል፣ አዲስ ግዢ።" ካናዳ ስንዴ ሲያመርት የኖረ ሰው ነው፤ የማያውቀው ነገር የለም፣ እርግጠኛ ያልሆነበትም ነገር የለም።
መሞታቸውን በምን አወቅክ አልኩት። አርጅተዋል አለኝ። እኔም አርጅቻለሁ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 12
ጠዋት ስወጣ ዌንደል የባትሪዬን ሳጥን ከፍቶ አጎንብሷል። ሳይጠይቅ! እዚህ በረሃ ላይ የሰው መኪና ክዳን ሳያስፈቅዱ አይነካም፣ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ... ነገርኩት። ጆሮው ቀላ።
ከሰዓት ይቅርታውን ይዞ መጣ፤ የራሱን ሁለት ባትሪዎች። ደህና መሆናቸውን በዓይኔ ያየኋቸው ናቸው። የእኔን አውጥተን የእሱን አሰርን፣ ጀነሬተሩን አስነሳን፣ የቮልት መለኪያውን ሰካሁ። ያው ነው! የእሱም አይሞሉም። እንግዲህ ባትሪዎቼ አልሞቱም ማለት ነው። ዌንደል "እንግዲያው ቻርጀሩ ነው" አለ። በዚያው እርግጠኝነት እኮ ነው።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 14
የራሴን ባትሪዎች መለስኩ። ቀኑን ሙሉ ንፋስ። አልጋው ሥር ገብቼ ቻርጀሩን ለካሁ። አሥራ ሦስት ነጥብ ስድስት ቮልት ይሰጣል፣ እንደ አዲስ። ባትሪው ጫፍ ላይ ስለካው ግን ለአሥራ ሁለት ትንሽ ፈሪ። ቻርጀሩ ይሰጣል፣ ባትሪው አይደርሰውም። መሃል መንገድ ላይ የሚያስቀረው አለ። ማነው?

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 15
የፖዘቲቩን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተልኩት። ፊውዙም ማብሪያ ማጥፊያውም ደህና። ወገቤ ተቆረጠ። ኩርት ደወለ፣ ክፍሏን ቀለም ቀብተናታል አለኝ። ቢጫ። ቢጫ እንደምጠላ እያወቀ...
ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ባቄላውን አሙቄ በላሁ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 16
አገኘሁት!!
ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ነው የመጣልኝ። መሄጃውን አይቻለሁ፣ መመለሻውንስ? ኔጌቲቩ ሽቦ ከመኪናዋ ሻንሲ፣ ከሥር ከተሸከማት ብረት ጋር በቡሎን ይታሰራል፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በብረቱ ነው። ዌንደልን ጠርቼ ውስጥ አስቀመጥኩትና መብራቱን አብርቶ እንዲያይ ነገርኩት። ባትሪ ከባትሪ የሚያያዝበትን የሞተር ማስነሻ ገመድ አመጣሁ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ኋላ ባለው መጎተቻ ብረት ላይ አስነከስኩት።
 ከዚያ ዌንደል በመስኮት ብቅ አለ። "አርሊን፣ ምን አደረግሽ? መብራቱ ዓይኔን አጠፋው እኮ።"
መኪናዋ ሥር ገብቼ ቡሎኑን ፈታሁ። ከሽቦው ጫፍ ሥር ብረት የለም፣ ወፍራም ጥቁር ቀለም ነው። ጸረ ዝገት። በብርጭቆ ወረቀት የሳንቲም ስፋት ያህል ፈገፈግኩት፣ ብረቱ ብልጭ አለ። መልሼ አጠበቅኩ። አሁን ባትሪዎቼ እንደ ጥጃ እየጠቡ ነው።
ግን ቀለሙን ማን ቀባው? ኦገስት ላይ ሮይስ መታጠፍ አቅቶት ነበር። ጓሮ ወንበር ላይ ሆኖ ያዝዛል፣ መኪናዋ ሥር ተኝቶ የቀባው ኩርት። ኩርት! መኪናዋ አልቆላታል ትሸጥ የሚለው ልጄ፣ እሱው ነው አንቆ የያዛት! ቅዳሜ ይምጣ ብቻ። ወንበር ይዞ የሚወጣው ሁሉ ፊት ነው የምነግረው።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 19
ሦስት ሌሊት ማሞቂያው ሲሠራ አደረ። የነገውን ንግግሬን ለዌንደል አሰማሁት። ሳቀ። ቀጥሎ ደግሞ "ሽቦውን ፈትቶ ከሥሩ የቀባ ልጅ ሰነፍ አይደለም" አለኝ። ማን ጠየቀህ?

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 20
ኩርት መኪና መጎተቻውን አስሮ መጣ። ከስቷል። ሳመኝና ወዲያው ገባ። መብራቱን ሁሉ አበራ፣ ማሞቂያውን፣ ፓምፑን። አንዱም ጭልጭል አላለም። አጥፍቶ ደግሞ አበራ።
ማን ሠራልሽ አለኝ። እኔ አልኩት። አላመነም፣ ዌንደልን አየው። ዌንደል እጁን አነሳ፣ እኔ የለሁበትም ብሎ።
ምን ሆኖ ነው? አለኝ። ንግግሬ አፌ ላይ ነበር። ሁሉም ወንበር ይዞ ተቀምጧል። ግን ፊቱን ሳየው... ቁርጥ አባቱን። "ሥሯ ግባና እይ" ብቻ አልኩት፣ የእጅ ባትሪዬን ሰጠሁት።
ገባ። እግሩ ብቻ ይታያል፣ እንደ ኦገስት። ቆየ። በጣም ቆየ። ሰዎቹ ወሬ ጀመሩ። እኔ ጎንበስ ብዬ ኩርት አልኩት።
ድምፁ ከሥር መጣ። "እማዬ፣ አባዬ አንድም ቦታ ሳትቀባ እንዳትተው ብሎኝ ነበር።"
"አልተውክም" አልኩት።
ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ጀርባው ሁሉ አሸዋ። አራገፍኩለት። ወንበር አልያዘም ነበርና የሮይስን አወጣሁለት። ከቀበርነው ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 21
ኩርት ቁርስ በልቶ ሄደ። መጎተቻውን ባዶውን ይዞ። ከመሄዱ በፊት ሥሯ ገብቶ ቡሎኑን ደግሞ አጠበቀው፣ አጥብቄዋለሁ ብዬ ብነግረውም አልሰማ አለ። ቢጫዋን ክፍል ለልጆቹ መጫወቻ እናደርጋታለን አለኝ።
ከሰዓት ሰፈር እቀይራለሁ፣ ወደ ኮረብታው ጠጋ። መሪው ላይ እኔው ነኝ።