ናፍጣ የነካት ጥቁር መኪና

ለምወድህ ወንድሜ ለምሥጋናው፤

ይህ ወረቀት ባሕሩን ተሻግሮ እጅህ ሲገባ ሙሉ ጤና ሆነህ ያግኝህ። እንደምን ከርመሃል? ሳልህስ እንዴት ሆነ? ባለፈው ስትደውል በየመሐሉ ስታስል እየሰማሁ ልቤ አብሮህ ሲያስል ነበር። የሻርጃ ሙቀት ጋብ አለ? ክፍላችሁ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ተሠራ ወይስ አሁንም በር ከፍታችሁ ነው የምትተኙት? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። የእማዬ ጉልበት ከጸበሉ ወዲህ ቀሎላት ኪዳን አድርሳ በራሷ እግር ትመለሳለች። ሻረው ማስተማሩን አላቋረጠም፤ ልጃችን ሲሲም ስምንተኛ ክፍል ገብታ ቁመቷ እኔን በልጧል። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል። ብርዱ ግን ዘንድሮ ጉድ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የውሃ ጎማችን ውስጥ በረዶ ይዞ እናገኘዋለን።

ትናንት ጾሙ ገብቷልና እንኳን አደረሰህ። ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ሦስቴ ተቋረጠብኝ፤ አንተም «እታበባ፣ በዝርዝር ጻፊልኝ» አልከኝ። እነሆ በዝርዝር፤ ኋላ በዛብኝ እንዳትል። ካርቶኑን ያመጣችልኝ ስጦታ፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ ሐሙስ ወደዚያው ስለምትመለስ በእጇ ይደርስሃል።

የላክኸው የመኪና መወልወያ ካርቶን ለገና ነበር የደረሰኝ። እውነቱን ልንገርህና፣ ከፍቼ አይቼ መልሼ አልጋ ሥር ነው ያስቀመጥኩት። ለእኛ አገር መኪና በዛብኝ። ጠርሙሱ ሁሉ ሽቶ ነው የሚመስለው። ሻረውማ፣ «አንቺ፣ ይህንን ለመኪና ከምታደርጊው ለራስሽ ብትቀቢው» እያለ ሲስቅብኝ ከረመ። እንዲህ ሳለን ነው የአቶ ዓለምብርሃን ነገር የመጣው። ታውቃቸዋለህ፤ የዳባቱ እህል ነጋዴ ናቸው፤ እኒያ ልጅ ሳለህ እዚህ ባለው ጎተራቸው ደጃፍ ኳስ ስትጫወቱ በከዘራ ያባርሯችሁ የነበሩት።

እዚህ ደባርቅ ላቫጆ ውስጥ መኪና ታጥቦ አለቀ የሚባለው መጨረሻ ላይ ናፍጣ የነካ ጨርቅ ሲዞርበት እንደሆነ አትረሳውም። ባንቀባለት ደንበኛው ራሱ «ምነው፣ ሰሰታችሁ?» ይላል። ነጭ መኪና ላይ ጉዳቱ አይታይም። በከተራ ጠዋት አቶ ዓለምብርሃን ጥቁሯን ኮሮላቸውን ይዘው መጡና «እንግዳ ልቀበል ኮሶዬ ድረስ ስለምሄድ አሳምሩልኝ» አሉ። አለነ፣ ያ አምስት ዓመት አብሮኝ የሠራው፣ ናፍጣውን አልሰሰተም። መኪናዋ መስታወት መስላ ወጣች። ከዳባት ወዲያ ግን መንገዱ ለአስፋልት ተቆፍሮ አቧራው እንደ ሽሮ ዱቄት ነው። ናፍጣው አቧራውን ሙጫ ሆኖ ያዘው። ኮሶዬ ሲደርሱ መኪናዋ አመድ ለብሳለች፤ እሳቸውም እንግዳ ፊት አፍረው በደረቅ ጨርቅ ፈተጓት። ናፍጣና አቧራ በደረቅ ጨርቅ ሲፈተግ ምን እንደሚሆን መኪና ስትወለውል ለምትውለው ለአንተ አልነግርህም፤ ሞረድ ነው የሆነው።

ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን መጥተው መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቆሙና «ነይ እዪ» አሉኝ። አየሁ። ከኮፈኑ እስከ ኋላው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ክብ ክብ ሠርቷል። «አንቺ ሴትዮ፣ መኪናዬን አጠብሽልኝ ወይስ በአሸዋ አሸሽብኝ?» አሉ። አለነ አፉ አያርፍም፤ «ጋሼ፣ የፈተጉት እኮ እርስዎ…» ሊል ሲል በክርኔ ጎሰምኩት። «ለመጪው ሳምንት ቅዳሜ ገበያ እመጣለሁ» አሉ። «እንደ ነበረች ካገኘኋት ደግ። አለዚያ እኔም ሆንኩ እህል ነጋዴው በሙሉ ከእንግዲህ ዳባት ነው የምናጥበው።» ቁልፉን እጄ ላይ ጥለው በአይሱዙ ሄዱ።

ምሥጌ፣ አስበው እስቲ። ስድስት ዓመት ከአንድ ባልዲ ተነሥቼ ያቆምኩት ላቫጆ ነው። ከደንበኞቼ ግማሹ የእሳቸውን አፍ የሚያይ ነው። ያኔ ነው ካርቶንህን ከአልጋ ሥር የጎተትኩት።

አምስቱንም ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ካርቶኑ ውስጥ የነበረውን ደብዳቤህን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩ። ቀዩ ጠርሙስ ጠንካራው ፖሊሽ፣ ነጩ ለስላሳው ፖሊሽ፣ ጥቁሩ ግሌዝ፣ ከዚያ በቆርቆሮ ያለው ደረቁ ሰምና በጠርሙስ ያለው ፈሳሹ። ሻረው መነጽሩን አድርጎ ጽሑፉን አየና «ጥቁሩ ላይ ‹ብላክ› ይላል፤ መኪናዋ ጥቁር፣ መድኃኒቱ ጥቁር፣ ምን ያከራክራል?» አለ። አስተማሪ ሆኖ የሚለውን እይልኝ! አለነ በበኩሉ «ቀዩን ስጪኝና በአንድ ቀን እንገላገል» አለ። እኔ ግን አንተ «ሁልጊዜ ከለስላሳው ጀምሪ፤ የተላጠ ቀለም አይመለስም» ያልከውን አልረሳሁም። መኪናዋን በልብስ ሳሙና ሳይሆን ባልከው ሳሙና ሁለቴ አጥበን ናፍጣውን አስለቀቅን። ከዚያ ከኋላ በር ዝቅ ብሎ ማንም የማያየው ቦታ ላይ፣ መዳፍ በምታህል ስፍራ፣ ነጩን ፖሊሽ ሞከርኩ።

ጨርቁን ባነሣው ጥላሸት የነካው መሰለ። ጥቁር! አለነ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነና «ወይኔ! ቀለሙን ላጥነው! እቴ አበባ፣ አለቀልን!» ብሎ ጮኸ። መንገደኛው ሁሉ አጥር ላይ ተንጠለጠለ። አንዱማ «ኧረ ቀስ፣ ነጭ አድርጋችሁ እንዳትመልሷት» እያለ ይቀልዳል። እኔ ግን ተቀምጬ አሰብኩ። በሩን ከፍቼ ማንም ጭሮት የማያውቀውን የውስጡን ጠርዝ በጥቂቱ ነካሁት፤ እዚያም ጨርቁ ጠቆረ። ያኔ ገባኝ። ያንተ ደብዳቤ ሦስተኛው ገጽ ላይ አለ፦ አንዳንዱ መኪና ከቀለሙ በላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ሌላ ሽፋን የለውም፤ እንዲህ ያለው ሲወለወል ጨርቅ ያጠቁራል፤ ይህ ብቻውን ጉዳት አይደለም፤ ግን ቀለሙ ቀጭን ሊሆን ስለሚችል ጠንካራ ነገር አይንካው። ኋላም እንደሰማሁት መኪናዋ ጎንደር ላይ አንድ ጊዜ ቀለም ተቀብታለች። ቀዩን ጠርሙስ ወዲያው ቆለፍኩበት። የኮፈኑንና የበሮቹን ጠርዝ ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩ፤ ቀለም ቶሎ የሚያልቀው ጠርዝ ላይ ነው ብለህ የለ።

አሁን የማፍርበትን ልንገርህ። ኮፈኑ ላይ ሥራው ገና ሳይጀመር ግሌዙ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ጥቂት ቀባሁት። የሸረሪቱ ድር ድራሹ ጠፋ! እንዳልነበረ! ጥቁረቱ ጥልቅ ሆኖ የቆርቆሮው ጣሪያችን እስከ ምስማሩ ተቆጥሮ ይታይበታል። አለነ በደስታ ሊያቅፈኝ ምንም አልቀረው። «በቃ! ሙሉውን እንቀባትና ቅዳሜ እንስጣቸው። ሰውዬው ምን ያውቃሉ?» አለኝ። እኔም ለቅጽበት በልቤ እሺ ብያለሁ። ግሌዝ ግን ጭረቱን አያወጣውም፤ ሞልቶ ይደብቀዋል እንጂ። ሁለት ሦስቴ ሲታጠብ ይለቃል። ከዚያ እኒያ ሰውዬ ያንኑ ድር እንደገና ሲያዩ ምን ሊሉኝ ነው? በናፍጣ አንድ ጊዜ ሸፍነን እዚህ ደረስን፤ በግሌዝ ሁለተኛ ልሸፍን? «አለነ፣ ጥረገው» አልኩት። እያጉረመረመ ጠረገው።

ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ በእጅ ነው። ኮፈኑ በጠዋት በረዶ፣ በቀትር ደግሞ ምጣድ ስለሆነ መኪናዋን ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አላወጣናትም። ትንሽ ትንሽ ስፍራ ይዘን፣ ጨርቅ እየቀያየርን፣ ነጩን ፖሊሽ ደግመን ደግመን። ድሩ ቀስ በቀስ ቀጠነ፤ ከዚያ ጠፋ። ግን ከኋላው ክዳን ላይ አንዲት ጥፍር የምትይዝ ጭረት እምቢ አለች። እሷን ልከተል ብል ቆርቆሮው ጋ መድረሴ ነው። እሷን ብቻ በግሌዝ ሞልቼ ተውኳት።

ቀጥሎ ሰሙ ነው። ከሁለቱ ሰም የትኛው ይሻላል የሚለው ላይ አንተም ቁርጥ ያለ ነገር አልጻፍክልኝም፤ «እንደ አገሩ ነው» ብለህ አለፍከው። ስለዚህ በግቢያችን የብረት በር ሞከርኩ። ጥቁር አይደለች? ግራውን ክፋይ ላዩን በደረቁ ሰም፣ ታቹን በናፍጣ፣ ቀኙን ክፋይ በፈሳሹ። የቆርቆሮው ሰም በዚህ ብርድ እንደ ድንጋይ ስለሆነ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ደገፍ አድርጌ ነው ያለሰለስኩት። እማዬ አይታ «ምንድን ነው?» አለች። ሰም ነው ስላት «ለመኪና ደግሞ ጧፍ ሊበራ ነው?» ብላ አሳቀችን። በሩ መንገድ ዳር ስለሆነ አይሱዙ ሲያልፍበት ዋለ። በማግሥቱ የናፍጣው ወገን የአቧራ ካባ ለብሷል። ደረቁ ሰም ከሁሉ ያምር ነበር፤ ግን አቧራው ትንሽ ያዝ ያዝ ያደርገዋል። ፈሳሹ ላይ አንድ ጣሳ ውሃ ባፈስበት አቧራው ተንከባሎ ወረደ። በዓል ቢሆን ደረቁን እመርጥ ነበር። ለዳባት መንገድ ግን ፈሳሹ ነው አልኩ፤ በስሱ ሁለት ጊዜ ቀባናት።

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት መጡ። ገና ሳያዩዋት ነው ሁሉንም የነገርኳቸው። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጥቁር ቀለም ናፍጣ አይወድም፣ አላወቅሁም። ድሩ ወጥቷል፣ አይመለስም። ይህች በኋላ ያለችው ግን አልወጣችም፤ ተሸፍና ነው፤ ከጥቂት እጥበት በኋላ ትታያለች። ሊያወጣት የሚሞክር ካለ ቀለምዎን ይጨርሰዋል፣ እንዳያስነኩ» አልኳቸው። አለነ ከኋላዬ ሆኖ «ምነው ዝም ብትዪ» እያለ ያንሾካሽካል። አቶ ዓለምብርሃን ሦስት ጊዜ ዞሯት። ጎንበስ ብለው በሩ ላይ መልካቸውን እያዩ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ከዚያ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ገብተው ሄዱ። አንድ ቃል! ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ከእህል ነጋዴው ወገን አንድም መኪና ደጄን አልረገጠም። ሻረው «ሐቀኝነትሽ አስመሰገነሽ» እያለ ሲያበሽቀኝ እንጀራ መወርወር ነበር የቀረኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት ኮሮላዋ መጣች፤ ኋላዋ አራት መኪና። አቶ ዓለምብርሃን ወረዱና ከአለነ እጅ ጣሳ ተቀብለው ውሃውን ኮፈኑ ላይ አፈሰሱት። የመንገዱ አቧራ ሁሉ ተጠርጎ ወረደ፤ ድር የለ ምን የለ። ነጋዴዎቹ «እሰይ!» አሉ። እሳቸው ግን አላበቁም፤ ወደ ኋላ ወስደው ያቺን ጭረት በጣታቸው አሳዩዋቸው። «ይህችን ትመለሳለች ብላኝ ነበር፤ ይኸው ተመለሰች። ድሩ አይመለስም ብላኝ ነበር፤ አልተመለሰም። ሦስት ሳምንት ሙሉ መኪናዋን እያሳጠብኩ ስጠብቃት ነበር» አሉና ወደ እኔ ዞረው፣ «አበባየሁ፣ የእነዚህንም መኪና ተቀበያቸው። ምን እንደሚወጣና ምን እንደማይወጣ አስቀድመሽ ንገሪያቸው» አሉኝ። ደስታዬን እንዴት ብዬ ልጻፍልህ! አለነ ደረቱን ነፍቶ «እኛ እኮ መደበቅ አንወድም» ሲል ብታየው! ከትናንት ጀምሮ ናፍጣ ከላቫጆአችን ወጥቷል፤ ቅሬታ ያለው ደንበኛ ሲመጣ ያን የሞከርኩበትን የብረት በር አሳየዋለሁ።

እንግዲህ ስትልክ፣ ነጩን ፖሊሽና ፈሳሹን ሰም ብቻ ጨምርልኝ፤ ለስላሳ ፎጣም ያገኘኸውን ያህል። ቀዩን በፍጹም። ግሌዙ ያለው ይበቃኛል። ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ቀይ መኪና መጥቶብኛል፣ ጨርቁን ቀይ ቢያደርግ ያው ነው?

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ «ሰም ያለው አገር ሄዶ ቀጠነ እንዳልሰማ» ብላሃለች። ሻረው እጅ ነሥቷል። ሲሲ «ለአጎቴ ፎቶ ይላክ» ብላ ያቺን በር ፎቶ አንሥታለች፤ ከወረቀቱ ጋር ታገኘዋለህ። አለነ «ጌታዬ መምህሬ» እያለ ይሰግድልሃል። አብረውህ ለሚኖሩት ለክንዴና ለቻላቸው ሰላም በልልኝ፤ ክንዴን እናቱ ደኅና ናት፣ ጊች የሄዱ ሰዎች አይተዋታል በለው። አንተም ሳልህን ታከም፤ ጾሙን ብትይዝ ሰውነትህን አትጉዳ።

እታበባህ፣
አበባየሁ

ደባርቅ፣ የካቲት 17 ቀን 2001 ዓ.ም.