ከስሌቱ በፊት የምትሰመር ሳጥን

ለምወድሽ ምራቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራው፣ አዲሱ ቤትስ? እኛ ደህና ነን። ስለ እኔ አታስቢ፤ ከጉልበቴ በቀር የሚያጉረመርም የለብኝም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ያነበበችልኝ ልጅሽ ናት፤ መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነበር። ልታገቢ መሆኑን፣ ሥራ አርቆ ሲወስድሽ እኔ ዘንድ የተውሻትን ልጅ ከፈተናው በኋላ ልትወስጃት መፈለግሽን፣ አባባ ቅር ካለዎት ግን ይቅር ማለትሽን፣ ሁሉንም ድምጿ ሳይሰበር አነበበችው። ከዚያ ጠመኔ አንስታ ወደ ሰሌዳው ሄደች።

ሰሌዳውን ሳሎን የሰቀለችው ደብተር ጠበበኝ ብላ ነው። በትልልቁ ትጽፋለች፤ እየጻፈችም ጮክ ብላ ታነባለች። የዚያን ቀን ጥያቄ ይህ ነበር፦ አንድ ሰው በአርባ ሜትር ሽቦ፣ አንድ ጎኑ ግንብ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ግቢ ያጥራል፤ ትልቁ ስፋት ስንት ነው? ከግንቡ የሚነሱት ሁለት ጎኖች እያንዳንዳቸው ኤክስ ቢሆኑ፣ ለሦስተኛው የሚተርፈው አርባ ሲቀነስ ሁለት ኤክስ ነው። አባዛቻቸው፤ ዴሪቬቲቩን ወስዳ ከዜሮ ጋር አስተካከለች። ኤክስ አሥር፣ ሦስተኛው ጎን ሃያ፣ ስፋቱ ሁለት መቶ ካሬ ሜትር። ትልቁ ስፋት መሆኑን አረጋግጪ ብላት፣ አንተ አንድ እርምጃ እስክትራመድ እኔ አግብቼ እወልዳለሁ አለችኝ። አረጋገጠች ግን፤ ሁለተኛው ዴሪቬቲቭ ኔጋቲቭ አራት ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ገና ስሌቱን ሳትጀምር ከሰሌዳው ግርጌ ለመልሱ ባዶ ሳጥን ታሰምራለች። ስሌቱ ሲረዝም ቦታ ያጥራትና ጽሕፈቷ ይጨማደዳል። ሟቹ ባልሽ፣ ልጄ፣ ተማሪዬ ሳለ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ልጄ፣ ቤት ከጣሪያ አይጀመርም እያልኩ ስንቴ ተቆጣሁት! እሱ ያረፈው እሷ ሆድሽ ውስጥ ሳለች ነው፤ ታዲያ ማን አሳያት? እኔ አይደለሁም። ላርማት አፌን እከፍትና እተወዋለሁ። አሁን አሁን በጠመኔው ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ከሁሉ በፊት አራት ጭረት፣ ከዚያ ጸጥታ። ልጄ ከትምህርት ቤት የገባ ይመስለኛል።

ስለ ጠየቅሽኝ፦ ውሰጃት። ልጅ ከእናቷ ጋር ነው የሚያምርባት። እሷ አያቴን ጥዬ አልሄድም ትላለች። ምክንያቷን ብትነግርሽ አትስሚያት፤ ታጋንናለች። የምታገቢው ሰው ሂሳብ አዋቂ ነው ብለሻል፤ ደስ ብሎኛል። የተሳሳተችውን ሁሉ ያርማት። ሳጥኗን ግን አይንካባት።

ይህን የምጽፍልሽ በጠራራ ቀትር፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነው። መስመር በመስመር ላይ ተደርቦ ካገኘሽ ይቅር በይኝ፤ ቤቱ ጨለም ብሏል።

ትዳርሽ ይባረክ፤ ዞረው ቢፈትሹትም ልክ ሆኖ የሚገኝ ይሁንልሽ።

የልጅሽ አያት