ይደገም ያሉት ሙሾ

አንኮበር፣ የካቲት 9 ቀን 1960 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወልደተንሣኤ ወልደ ሰንበት፣ አዲስ አበባ።

እንደምን ሰነበትክ ልጄ? ያ ብርድ ሲነካው የሚዘጋው ጉሮሮህ እንዴት ነው? እኔ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደህና ነኝ። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፣ ጥቁሯ ላምም ወልዳለች። ደብዳቤህን የጭነት መኪናው ረዳት ሰጠኝና ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ዓይኔ የሳተ መስሎኝ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ዓይኔ እንዳልሳተ አወቅሁ። ጎረቤታችን ትርፌ "ምን ጻፈልሽ?" ብትለኝ አፍሬ "ሰላም ብሎኛል" አልኳት። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፊደል ያስቆጠረኝ ለዚህ ቀን ከሆነ ባላስቆጠረኝ።

ደብረ ብርሃን ልትዘፍን እንደምትመጣ አልነገርከኝም። ትርፌ ናት ከገበያ የሰማችው። "ልጅሽ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር እሑድ ሊዘፍን ነው፤ 'የጉም ልጆች' ነው የሚባሉት" አለችኝ። እኔ ሞኟ፣ በቅቤ የታሸ በሶ ቋጥሬ፣ እሷን አስከትዬ ገብስ በጫነ መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ድንገት ስታየኝ የምትደሰት መስሎኝ ነበር።

አዳራሹ ገብተን ከኋላ ተቀመጥን። በጠራራ ፀሐይ መስኮቱን ሁሉ በብርድ ልብስ ሸፍናችሁ አጨልማችሁታል። ከመጋረጃው ጀርባ እርጥብ ቅጠል ታጨሳላችሁ፤ የአንኮበር ጉም ነው አሉን። ትርፌ ሳል ይዟት፣ "እኛ ሸሽተነው የመጣነውን ጉም እነዚህ በቲኬት ያሳያሉ?" አለች። ሳቅኩ። እስከዚያ ድረስ ገና መሳቅ እችል ነበር።

እውነቱን ልንገርህ፣ ዋሽንቱ ሲጀምር ደስ ብሎኛል። ከበራችን ላይ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ቆላው የሚወርደውን ነፋስ ይመስል ነበር። አንተም ክራርህን ቀስ አድርገህ ስትነካው፣ አጠገቤ ላለው ሁሉ "ልጄ ነው" ልል ዳድቶኝ ነበር። ከዚያ ያ ዘርአ ዳዊት የምትሉት ባለማሲንቆ ተነሣና "አሁን ደግሞ ከባላገር የተገኘ ጥንታዊ ሙሾ እናሰማችኋለን" አለ። ጥንታዊ! እኅትህ ይመኙሻል ከሞተች ገና ሦስት ዓመቷ ነው። አንተም አፍህን ከፍተህ፣

"ጨው ግዢልኝ ብዬ ቆላ አገር የላክሁሽ፣
እኔ ነኝ፣ ልጄ ሆይ፣ ጉድጓድ ያወረድሁሽ"

አልክ።

እኔ አገሩ ሁሉ የሚጠራኝ አልቃሽ ነኝ። ለስንቱ ሙሾ አውርጃለሁ፤ ሰው ከፈለገ የዚያን ሁሉ ግጥም ይውሰድ፣ አልሰስትም። ይህን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልኩት፣ አፈሩ ሲመለስባት። ቆላ ወርዳ አሊዩ አምባ ገበያ ጨው እንድትገዛ የላክኋት እኔ ነኝ። ንዳድ ይዟት ተመለሰች፤ በስምንተኛው ቀን ቀበርናት። አንተ ያን ጊዜ ክንዴን ይዘህ ቆመህ ነበር። ለካ ግጥሙን ትይዝ ኖሯል!

በእኛ ወግ ሙሾ ከተነሣ ቁጭ ተብሎ አይሰማም። አስቤ ያደረግሁት አይደለም፤ እግሬ ራሱ ተነሣ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ደረቴን ደቃሁ፣ ትርፌም ተከተለችኝ። ሰዉ ሁሉ ተቀምጦ ወደ እኛ ዞረ። ከዚያ አጨበጨበ። ለቅሶ ላይ ማጨብጨብ! ከፊቴ የነበረ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከረሜላውን እያላመጠ፣ "እሜቴ፣ ድንቅ ተዋናይ ነዎት" አለኝ። ልተፋበት ምራቅ አጣሁ።

እሱን አልወቅሰውም፤ አያውቅም። ሌሎቹም አያውቁም። "ይደገም! ይደገም!" አሉ። አንተ ግን አየኸኝ። በዚያ ሁሉ ጭስ መሀል ዓይን ለዓይን ተያይተናል፣ ልትክደኝ አትችልም። ክራሩን አስቀምጠህ ትወርዳለህ ብዬ ቆሜ ጠበቅኩህ። ደገምከው። እኔም እንደገና ደረቴን ደቃሁ።

በሶውን ሳልሰጥህ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ እንዲህ ብለህ ትጽፍልኛለህ። "እማዬ፣ ያን ቀን የተነሣሽው አነሣስ ለትርኢታችን ነፍስ ዘራበት። ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ መጥተሽ በየጊዜው እንደዚያው ብትነሺልን። ከሕዝቡ መሀል እናስቀምጥሻለን፣ ሰው የእውነት ይመስለዋል።" የእውነት ይመስለዋል አልከኝ? ይህን የጻፈውን እጅ እኔ ነኝ ያጠብኩት፣ ያጎረስኩት። ትናንት ጨንቆኝ ለትርፌ አነበብኩላት። እሷም፣ "በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ሲባል ሰምቻለሁ፤ በራሱ ቁስል የሚሰድ ግን ዛሬ አየሁ" አለችኝ።

መዝፈንህን አልተጸየፍኩም፤ ይህን ደህና አድርገህ ያዝልኝ። ለሠርግ ዝፈን፣ ለወደድካት ዝፈን፣ ጉሙንም ካማራችሁ አጭሱት። ሙሾ ካሻህም የራስህን አውጣ፤ እሷ እኮ ያንተም እኅት ነበረች። የእኔን ጥፋት ግን ለከረሜላ በላተኛ አትዝፈንብኝ። እኔም አልመጣም። ለፋሲካም ከፋሲካ በኋላም አልመጣም።

በደብዳቤህ ግርጌ፣ "ከሦስት ዓመት በኋላ እንዴት እንደዚያ አለቀስሽ? ጓደኞቼ ሁሉ ገርሟቸዋል" ብለሃል። ልንገርህ። መጀመሪያ የተነሣሁት ለይመኙሻል ነው። እሷን ግን አልቅሼ ቀብሬያታለሁ፤ ለእሷ የሚሆን ያን ያህል እንባ አልቀረኝም። ስትደግመው ያለቀስኩት ለአንተ ነው።

በሕይወት ላለ ሰው ደረት አይደቃም፣ ነውር ነው፣ ምልኪውም ክፉ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳለቅስ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ለአባ ገብረ ጻድቅ ተናዝዤ መቶ ስግደት አዘውኛል። እስካሁን አልጨረስኩትም። ሠላሳ አርባ እንዳልኩ ቁልቁለቱ ላይ የመኪና ጥሩምባ ይሰማኛል፤ አንተ ትሆን እንደሆነ ብዬ አቋርጬ እወጣለሁ። ጨው የጫነ ነው፣ ወይም ገብስ የጫነ። ተመልሼ ከአንድ እጀምራለሁ።

የአባትህ አምላክ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ጭብጨባ ይሰውርህ፣ እግርህንም ወደ ደጅህ ያቅናው። አሜን።

እናትህ
ለተጊዮርጊስ