ዳኛ ቤት የገባው ገብስ

ይድረስ ደብረ ታቦር ለተዳረችው ለልጅ ልጄ ለይታይሽ። እንደምን ከርመሻል? እኛ ጋይንት አለን።

የሰማሽ ላልሰማ አሰሚ፤ የአውራ ዶሯችን ጅራት ሙልጭ ብሎ ረግፏል!

ሌላው ወሬ ያው የሙግቱ ነው። ከጎረቤታችን ከአበጀ ጋር በድንበር የምንካሰስበት ማሳ ፍርድ እስኪያገኝ ምርቱ ዳኛው ቤት ይቀመጥ ተብሎ አልነበር? ተቀምጧል፤ ዳኛው ሆድ ውስጥ። በየዓመቱ ገብሱ እየገባላቸው ምን ቸገራቸውና ይፍረዱ!

ማክሰኞ ከአበጀ ጋር እንደ ተሟጋች ወግ ኩታችንን እርስ በርስ ቋጥረን፣ ተቆራኝተን ዳኛው ዘንድ ሄድን። መንገድ ላይ «አንተ ሽማግሌ፣ ለምን አንታረቅም?» አለኝ።

«ብንታረቅስ የተበላውን ማን ሊተፋው!» አልሁት።

ዳኛው ዘንድሮም «ከአጨዳ በኋላ ተመለሱ» ሲሉን፣ «ጌታዬ፣ እንግዲያው ጥርስዎ ሲደክም ይፍረዱልን» አልኋቸው።

እኔ ደኅና ነኝ፤ ወገቤ እንደ ኮረዳ ቀጥኖ አያትሽ ቀንታለች። ስትመጪ ከባልሽ ጎተራ ትንሽ ገብስ ያዢልኝ። ከእኛው ጋር የቱ እንደሚጣፍጥ ላስተያይ ብዬ ነው። ቶሎ ብትመጪ ደግሞ አልጠላም።

ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሽልኝ። አምላክ በደኅና ያገናኘን።

አያትሽ ገብረ ሕይወት

ለዳኛው መለስሁላቸው ያልሁሽን ግን እኔ ነኝ የፈጠርሁት። እጅ ነስቼ ነው የወጣሁት።