ያንቺ ወንበር

ልጄ፣ የኔ እናት፣ እንደምን ከርመሻል? የደረስሽበት ደጅ ሁሉ ይከፈትልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል፣ ማጉረምረሙ ግን እንዳለ ነው።

አንቺ ያስጀመርሽው የሰፈራችን የሥዕል ሽልማት አንቺ ስትሄጂ ይቀራል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እሰይ፣ አልቀረም! እንዲያውም በፊት የምናዘጋጅበት ጋራዥ አልበቃ ብሎን ዘንድሮ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ለመንን። ሁሉም በነፃ ነው የሚሠራው፤ ልብስ ሰፊዋ ሥዕሎቹን ትሰቅላለች፣ ፀጉር አስተካካዩ ይጠርጋል። ዳኝነቱም አንቺ እንዳልሽው ነው። ሰው ሁሉ ከቤቱ ወንበር ይዞ ይመጣና የወደደው ሥዕል ፊት ያስቀምጣል፤ ብዙ ወንበር የተደረደረለት ያሸንፋል።

ዘንድሮ ግን ሁለት ሥዕሎች እኩል ወጡና ሰዉ ሊጣላ ደረሰ። ፀጉር አስተካካዩ፣ "የጀመረችው ልጅ ትፍረድ!" አለ። ሮጬ ያንን የሚንገዳገድ ወንበርሽን አመጣሁና ዝናብ ያበሰበሰውን የአውቶቡስ ፌርማታ የሚያሳየው ሥዕል ፊት አስቀመጥኩት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም እላዩ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ካንቺ መሄድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አልኩ።

የሁለቱንም ሥዕል ፎቶ ልኬልሻለሁ። ጤናና ሰላም አይለይሽ፣ ልጄ። አደራሽን፣ የበለጠ የወደድሽው ሌላኛውን ከሆነ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።

እናትሽ