አዲሱ ደብተር

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለቲላካ፣ ሚላን። ያ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔም ከተማችን ማታሌም ደህና ነን፤ ዝናቡ ብቻ አስመርሮናል።

ማኅበራችን ዛሬም የማይድኑ ሕሙማንን በየቤታቸው ያስታምማል። እንደ ቡድሃ እምነታችን ልማድ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ በጎ ሥራ ከዘመድ ጠይቀን በደብተር እንጽፋለን፤ ሰዓቱ ሲቃረብ አጠገቡ ቁጭ ብለን እናነብለታለን። ሰሞኑን ግን ዳገቱ ስለሚያደክመኝ ቤት ነኝ። ምክትሌ ፒያሲሊ ለሕሙማኑ እንደምታደርገው ፓፓያ በትንንሹ ቆራርጣ ታመጣልኛለች። "ጥርሴ መች ረገፈ?" እላታለሁ።

ትናንት አዲስ ደብተር ይዛ መጣች። "የማን ነው?" ስላት፣ "እንዲያው ነው፣ እትዬ። ልጅ ሳለሽ ምን በጎ ነገር ሠራሽ?" አለችኝ።

"አንቺ ወሬኛ!" ብዬ ተቆጣኋት። ኋላ ግን በጎርፉ ጊዜ አንተን አዝዬ ወንዙን መሻገሬን ነገርኳት።

"ያየ ዘመድ ካልመሰከረ አልጽፍም። ደንቡን ያወጣሽው ራስሽ ነሽ" ብላ ገጹን ባዶ ተወችው።

ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። ለሚያዝያው የአገራችን አዲስ ዓመት እመጣለሁ ብለሃል፤ ትኬት ከተገኘ ቀደም አድርገው። ጀርባዬ ላይ መሽናትህን አልነገርኳትም፤ እሱን አንተው ታጽፋለህ።

በዓይነ ሥጋ ለመተያየት ያብቃን፤ ቶሎ።

እህትህ ኩሱማ