በሻሽ ላይ ስለተደረገልኝ የጸጉር ምርመራ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በቢሮዎ ግድግዳ ላይ ዘወትር ተወልውሎ ለሚያበራው መስታወትዎ ጤናና ደኅንነት እመኛለሁ። እኔ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ ጸጉሬ መሳሳት ሲጀምር በሆስፒታልዎ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ በአደባባይ ባላመሰግን ውለታ ቢስ እሆናለሁና ይህን ጻፍሁ።

አንደኛ፦ የቆዳ ክፍሉ ኃላፊ ሻሼን ሳያስወልቁኝ፣ ከወረቀታቸውም ቀና ሳይሉ፣ በሽታዬ ጭንቀት መሆኑን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። በጨርቅ አሳልፎ የሚያይ ዓይን ለሁሉም አይሰጥም። በእርግጥ ያን ዕለት ጭንቀት አልነበረብኝም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ምርመራቸው ትክክል ሆኗል።

ሁለተኛ፦ ቆይቼ ስመለስ አንዲት ወጣት ሐኪም ሻሼን አስወልቃ፣ ጸጉሬን በተራ ማበጠሪያ እየከፈለች፣ ከኪሷ ባወጣችው ባለመብራት ማጉያ መነጽር አየችኝ። ከግንባሬ በላይ ያለው ቆዳ ጠባሳ ስለያዘ የሄደው ጸጉር እንደማይመለስ፣ በጊዜ ቢታይ ግን ማስቆም ይቻል እንደነበር እውነቱን ነገረችኝ። አለቀስሁ። እሷ ግን ሆስፒታሉ አዝዞ የሚጠብቀው ትልቁ የቆዳ መመርመሪያ መሣሪያ ሳይመጣ ታካሚ በመጫወቻ መርምራለች ተብላ ወደ ክትባት ክፍል ተዛወረች። ይህን ስሰማ እንባዬ ደረቀ፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፦ ማጉያውን ከእጇ ተቀብለው፣ እንዳይቧጨር በማሰብ በቢሮዎ ቁም ሣጥን ከሽልማት ዋንጫዎችዎ ጎን ስለቆለፉበት ምስጋናዬ ይድረስዎ። ትልቁ መሣሪያ እስኪመጣ እንዲታገሥ እኛ ታካሚዎች ጸጉራችንን ብንለምነውም አሻፈረኝ ብሏል።

አራተኛ፦ አቤት ልል ቢሮዎ ስገባ፣ ጸጉር ስላጣ የሞተ ሰው እንደሌለ በመንገር አጽናንተውኛል። ማጽናኛውን ለታናሽ እህቴ አደረስሁላት። እህቴ ጸጉሯን መሀል ለመሀል ስትከፍለው መስመሩ እየሰፋ ነው፤ አናቷን ማንም ከኋላ እንዳያይባት ታክሲ ውስጥ ከመጨረሻው ወንበር በቀር አትቀመጥም። የእኔ አልፏል፤ የእሷ ግን አላለፈም፤ እንዲያልፍም አልፈቅድም።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ከእህቴ ጋር እመጣለሁ። ሻሽ አናደርግም። የትምህርት ቤት ባልደረቦቼና የሰፈሬ ሴቶችም ሻሻቸውን ቤት ትተው ለመምጣት ተስማምተዋል። ሐኪሟ ከክትባት ክፍል ተጠርታ፣ ማጉያዋ እጇ ገብቶ፣ እህቴን እስክታያት ድረስ ከአግዳሚ ወንበርዎ አንነሣም። ዘበኛው ካስወጣን ደጃፉ ላይ እንቀመጣለን፤ እዚያ ብርሃኑም የተሻለ ነው።

በጨርቅ ለሚያዩ ዓይኖች ያለኝን የላቀ አክብሮት እየገለጽሁ፣ ከእንግዲህ አናቷን ላለመሸፈን የወሰነችው ትሑት ታካሚዎ፣
የጂኦግራፊ መምህርቷ

ማስታወሻ፦ ያን ዕለት በሩን ስከፍት፣ ከግራ ጆሮዎ በላይ ያሳደጉትን ጸጉር በመስታወቱ ፊት በጥንቃቄ ወደ ቀኝ ጆሮዎ ሲያሻግሩት አይቻለሁ። አይጨነቁ፣ ሰኞ ከእህቴ ቀጥሎ ተራ ይዤልዎታለሁ። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ብቻ እንዳይረሱ።